እጃችን ተለክቷል፤ ውሎአችንስ?

ለ፦ የነርቭ ሐኪሞች፣ የክሊኒክ ኃላፊዎች፣ የሕክምና ሙከራ የምታካሂዱ ተመራማሪዎች እና የአካል ጉዳት ምዘና ፎርም የምታዘጋጁ ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ኢሴንሺያል ትሬመር ያለብን ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራችን በየቀጠሮው ተለክቶ ካርዳችን ላይ እንዲሰፍር ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

ኢሴንሺያል ትሬመር የሚባለው የመንቀጥቀጥ ሕመም ከያዘኝ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀኝ እጄ ከግራው ይብሳል፤ ራሴም አልፎ አልፎ እምቢ እንደሚል ሰው ወደ ጎን ይወዛወዛል። አዲስ መድኃኒት አምጡልኝ ልላችሁ አይደለም የምጽፈው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እጄ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ በምትለኩበት ቀን፣ በዚያው እጅ ምን መሥራት እንዳቃተኝ፣ ምን መሥራት እንደተውሁ፣ የተውሁትንም ማን እየሠራልኝ እንደሆነ አብራችሁ ለኩልኝ። የለካችሁትንም ጻፉት።

"ይህንማ እንጠይቃለን" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ትጠይቃላችሁ። "እጅህ እንዴት ነው? ሥራ ላይ ያስቸግርሃል?" ትላላችሁ፤ እኛም "ደህና ነው፣ ያው ነው" እንላለን። ይህ ጨዋታ ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ካርዱ ላይ የሚቀረው "መንቀጥቀጥ፦ ቀላል፤ ለውጥ የለም" የሚል አንድ መስመር ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ካርዱን ሲከፍት፣ በዚያ ዓመት ውስጥ በጽዋ መጠጣት ትቼ በቱቦ መምጠጥ መጀመሬን ከየት ያገኘዋል?

በሽታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ኢሴንሺያል ትሬመር ከእንቅስቃሴ መዛባት ሕመሞች ሁሉ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዓለም አቀፉ የፓርኪንሰንና የእንቅስቃሴ መዛባት ማኅበር ባወጣው ስምምነት መሠረት፣ በሽታው ነው ለማለት መንቀጥቀጡ በሁለቱም እጆች ላይ በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚታይ፣ ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ፣ ሌላ የነርቭ ሕመም ምልክትም የሌለበት መሆን አለበት። ራስ፣ ድምፅና እግር ሊጨመሩ ይችላሉ። የደም ምርመራ አያሳየውም፤ ሐኪሙ አይቶና ጠይቆ ነው የሚደርስበት።

ለጉዳዬ ዋናው ግን "በእንቅስቃሴ ጊዜ" የሚለው ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ባብዛኛው የሚታየው እጅ ሲያርፍ ነው። የእኛ በተቃራኒው ነው፤ እጄ ጭኔ ላይ ሲያርፍ ጭምት ነው። ማንኪያ ሲያነሳ፣ ቁልፍ ወደ ቀዳዳው ሲያቀርብ፣ የልብስ ቁልፍ ሲቆልፍ ነው የሚነሳበት፤ ወደ ዒላማው በቀረበ ቁጥርም ሊብስበት ይችላል። በሽታው የሚኖረው ሥራ ውስጥ ነው። ከሥራው ነጥሎ መለካት ስለ በሽታው ግማሽ ነገር ብቻ ማወቅ ነው።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ ታውቁታላችሁ። እጅህን ዘርጋ። ክርንህን አጥፈህ እጆችህን ደረትህ ፊት አገናኝ። ጣትህን አፍንጫህ፣ ከዚያ ጣቴን ንካ። ጠመዝማዛ ሳል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ያስፈልጋል፣ በደንብም የታሰበበት ነው። ክፍሉ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ተቀምጫለሁ፤ የሚያዋክበኝ የለም፤ የማነሳው ነገር ክብደት የለውም፤ ቢፈስም የሚቃጠል የለም።

አንድ ቀን ከእንዲህ ዓይነት ክፍል "ቀላል" ተብዬ ወጣሁ። እዚያው ሕንጻ ውስጥ መስኮት ላይ ፎርም መፈረም ነበረብኝ። መስኮቱ ለቆመ ሰው የተሠራ፣ ጠርዙ ጠባብ ነው፤ ክርኔን የማሳርፍበት የለም። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እስክሪብቶዋ በክር የታሰረች ስለሆነች ወደ ምፈልገው ማዕዘን አትዞርም። ፈረምሁ፤ ሠራተኛዋ ፋይሉ ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያይታ "አይመሳሰልም፣ እንደገና" አለችኝ። ደግሜ ስሞክር ጭራሽ ባሰ። ከኋላዬ አንዱ ትንፋሹን ለቀቀው፤ ያን ጊዜ እጄ ጨርሶ የእኔ መሆኑ ቀረ። በመጨረሻ አውራ ጣቴን ቀለም ነክራ በአሻራ አስፈረመችኝ። ዕድሜዬን በጽሑፍ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝ።

ሐኪሙ ተሳስቶ ነበር? አልነበረም። ያየውን ጻፈ። ያላየውን የሚያሳየው መሣሪያ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

መሣሪያው በዓለም ላይ ስለሌለ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ። ከበቂ በላይ አለ። ፋህን፣ ቶሎሳና ማሪን ያዘጋጁት የመንቀጥቀጥ መመዘኛ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ክፍሉ ስለ መናገር፣ ስለ መብላት፣ ፈሳሽ ወደ አፍ ስለ ማድረስ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ መልበስ፣ ስለ መጻፍና ስለ ሥራ ይጠይቃል። ቤይንና ፊንድሊ በ1993 ያወጡት መጠይቅ 25 ተግባራት አሉት፤ ታካሚው እያንዳንዱን ከ1 እስከ 4 ይሰጠዋል፦ ያለ ችግር እሠራዋለሁ፣ በጥቂት ጥረት፣ በብዙ ጥረት፣ ብቻዬን አልችልም። በ2005 የታተመው ኩዌስት የሚባለው መጠይቅ ደግሞ በ30 ጥያቄዎች አካላዊውን ብቻ ሳይሆን ሰው ፊት መቅረብን፣ መግባባትን፣ ትርፍ ጊዜን፣ ሥራና ገቢን ይዳስሳል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ቴትራስ የሚባለውን ነው፤ የትሬመር ተመራማሪዎች ቡድን ያዘጋጀው ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሐኪሙ በዓይኑ የሚያየው፣ ከፍተኛው ነጥብ 64 የሆነ ምርመራ ነው። ሌላው 12 ጥያቄ ያለው፣ ከፍተኛው ነጥብ 48 የሆነ የዕለት ተግባራት ክፍል ነው፤ መናገር፣ በማንኪያ መመገብ፣ ከብርጭቆ መጠጣት፣ ንጽሕና፣ መልበስ፣ መቅዳት፣ ሳህን ወይም ትሪ ተሸክሞ መሄድ፣ በር በቁልፍ መክፈት፣ መጻፍ፣ ሥራ፣ ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ተግባር፣ ማኅበራዊ ኑሮ።

ከብርጭቆ መጠጣትን እንዴት እንደሚለካው ልብ በሉ። መንቀጥቀጥ ከሌለ 0። መንቀጥቀጡ ቢኖርም መጠጣቱን የማያውክ ከሆነ 1። ትንሽ የሚፈስ ከሆነ 2። ብዙ የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ዘዴ ቀይሮ በሁለት እጁ የሚይዝ ወይም ወደ ብርጭቆው የሚያጎነብስ ከሆነ 3። ጨርሶ ከብርጭቆ መጠጣት የማይችል፣ ወይም በቱቦ የሚመጥ ከሆነ 4። ይህን የጻፈው ሰው ከእኛ ጋር ገበታ ቀርቦ ያውቃል እላለሁ። ምክንያቱም አንዲት ጠብታ ሳላፈስ በሁለት እጄ ብጠጣ፣ ውኃው ስላልፈሰሰ "ጤነኛ ነህ" አይለኝም፤ ዘዴ መቀየሬን ራሱን ጉዳት ብሎ ይቆጥረዋል። ቁልፍም ላይ እንዲሁ ነው፤ ቀዳዳውን እየሳተ በአንድ እጁ የሚከፍተው 2 ሲያገኝ፣ ሁለተኛ እጁን ካልጨመረ የማይሆንለት 3 ያገኛል።

ይህ ሁሉ እያለ ብዙ የምርመራ ክፍሎች ውስጥ የማይታየው ለምንድን ነው? ለሙከራና ለቀዶ ሕክምና ምርጫ ይወጣል፤ ለተራ ቀጠሮ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

"ነጥቡ ሲወርድ ኑሮውም ይቀላል፤ ስለዚህ እጁን መለካት ይበቃል" የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይህን በቁጥር እንየው። በቴትራስ የተዘረጋ እጅ ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወዛወዝ 2 ይሰጠዋል፤ ከ5 እስከ 10 ከሆነ 3፤ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲደርስ 4። ደረጃው እኩል እኩል አይራመድም፤ አንድ ነጥብ ሽቅብ ማለት ስፋቱ በበርካታ እጥፍ መባዛት ነው። ነጥቡና ትክክለኛው ስፋት በሎጋሪዝም እንደሚዛመዱ በ2006 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። እንግዲህ መድኃኒት ጀምሬ ከ3 ወደ 2 ብወርድ ትልቅ ድል ነው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ቢመስልም እጄ ላይ ሰፊ ለውጥ አለ። ይህ አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ፣ 2 ሳንቲ ሜትር የሚወዛወዝ እጅ ለአንዱ ምንም ማለት ሲሆን ለሌላው እንጀራው ማጣት ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚጠግን፣ ጥርስ የሚያክም፣ መርፌ የምትወጋ ነርስ፣ ልብስ የሚሰፋ፤ እነዚህ ሰዎች 1 ነጥብ ላይ ሳሉ ሥራቸውን ሊለቁ ይችላሉ። ድምፁ የሚንቀጠቀጥ አስተማሪ እጁ ቢለካ ምን ይገኝበታል?

እውነቱን ለመናገር ልዩነቱ በተቃራኒውም አለ። ጠመዝማዛውን ስንስል እጃችንና ክንዳችን ጠረጴዛውን እንዳይነካ ትከለክሉናላችሁ፤ ቤታችን ግን ክርናችንን አሳርፈን፣ አንጓችንን በሌላው እጅ ይዘን፣ ወፍራም እስክሪብቶ መርጠን ነው የምንጽፈው። አንዳንዱ ታካሚ ወረቀታችሁ ላይ እጅግ የከፋ ሆኖ ቤቱ ግን ሁሉን ያደርጋል። የእጅና የኑሮ ነጥብ ይዛመዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ግን አይተካም። ለዚህ ነው ሁለቱንም የምጠይቀው።

የእጅ ጽሑፍ ፈተናውም ያስቀኛል። በብዛት የሚሠራበት ዓረፍተ ነገር፣ ወደኛ ሲመለስ፣ "ይህ የምርጥ የእጅ ጽሑፌ ናሙና ነው" ይላል። ምርጡን ነው የምትጠይቁን! ሕይወት ግን ምርጤን አይጠብቅም፤ ተቻኩዬ፣ ቆሜ፣ ሰው እያየኝ የምጽፈውን ነው የሚወስደው። ፊርማ ላይ ደግሞ መነበብ አይበቃም፤ ከትናንቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። እኔ እስካየሁት የትኛውም መጠይቅ "ፊርማህ ተመላሽ ሆኖብህ ያውቃል?" ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። የተውነውን ማን ይቆጥረዋል?

መንቀጥቀጥ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰውም ቀስ ብሎ ነው የሚሸሸው። መጀመሪያ ብርጭቆውን ሙሉ አታስቀዳም። ቀጥሎ ሾርባ ካለበት ገበታ ላይ "አልራበኝም" ትላለህ። ከዚያ ሰው ቤት ስትጋበዝ ምክንያት ታበጃለህ። ሸሚዝህን ቁልፍ በሌለው ትለውጣለህ፤ ጫማህን ማሰሪያ በሌለው። ሒሳብ ስትከፍል ሳንቲም መልቀም ትተህ የተመለሰልህን ሳትቆጥር ኪስህ ውስጥ ትጨምራለህ። እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ሲመጡ ጉዳት አይመስሉም፤ ምርጫ ይመስላሉ። ከዚያ ሐኪሙ "ሾርባ ስትጠጣ ይፈስብሃል?" ሲልህ "አይፈስብኝም" ትላለህ። አልዋሸህም፤ ሾርባ ከጠጣህ ሦስት ዓመት ሆኖሃል። ነጥብህም ዝቅተኛ ሆኖ ይመዘገባል። ብዙ የሸሸ ሰው ጤነኛ መስሎ የሚወጣበት መለኪያ አደገኛ ነው።

ስለዚህ "ትችላለህ ወይ?" ከሚለው በፊት "ባለፈው ሳምንት አድርገኸዋል ወይ?" መባል አለበት። ካላደረግሁት ለምን? ፍላጎት ስለሌለኝ፣ አጋጣሚ ስላልመጣ ወይስ እጄን ፈርቼ? ሦስቱ የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ሦስተኛው ብቻ ነው የበሽታው።

ጊዜም አይቆጠርልንም። የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፌ እጨርሳለሁ፤ በስንት ደቂቃ? ከዚያ በኋላስ የቀረኝ ጉልበት ስንት ነው? የቤይንና ፊንድሊ መጠይቅ "በጥቂት ጥረት" እና "በብዙ ጥረት" ብሎ መለየቱ ለዚህ ቀረብ ይላል፤ የፋህን መመዘኛም ውኃ መቅዳት ላይ ምንም ሳያፈስ ግን ከጤነኛ ሰው ይልቅ ተጠንቅቆ የሚቀዳውን 1 ይሰጠዋል። ጥንቃቄ ድካም መሆኑን የተረዱ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ሊሰፋ የሚገባው ይኸው መንገድ ነው።

ከመጠይቆቹ አንዳንዶቹ አርጅተዋልም። የ1993ቱ ስልክ መደወልን፣ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ መክተትን፣ ጋዜጣ ይዞ ማንበብን ይጠይቃል። ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ ቀኔን የሚያበላሸው የመስታወት ስልክ ነው። አንዱን ፊደል ስነካ ሁለት ይጻፋል። የይለፍ ቁጥር ተሳስቼ ገንዘብ ማውጫ ማሽኑ ካርዴን ሊውጥብኝ ይደርሳል። በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ጊዜው እስኪያልፍ አስገብቼ አልጨርስም። ጤነኛ ሰው በሰከንድ የሚያልፈው በር ለእኛ ተዘግቷል፤ መጠይቁም ይህን በር አያውቀውም። መጠይቅ ማደስ የራሱ ሥርዓት እንዳለው፣ ጥያቄ እንዲሁ እንደማይጨመርበት አውቃለሁ። ያም ሆኖ ተጀምሮ ማለቅ አለበት።

"በሰዓት መልክ እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ይህን ሁሉ ይፈታል" ለሚሉ ወዳጆቼም አንድ ቃል አለኝ። የእንቅስቃሴ ዳሳሾች ድንቅ ናቸው። ዓይን የማይለየውን ስፋትና በሰከንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ የሚደርሰውን ድግግሞሽ ይመዘግባሉ፤ ቀን ከሌሊት ሳይታክቱ። መንቀጥቀጡ በድካም፣ በጭንቀት፣ በካፌይን፣ መድኃኒቱ በተዋጠበት ሰዓት እየተለዋወጠ የሚውል ስለሆነም፣ ከአንድ ቀጠሮ ይልቅ የሳምንት መዝገብ ይሻላል። ግን መሣሪያው እጄ ጸጥ ያለበትን ሰዓት ሲያይ "ጥሩ ቀን" ይላል። ያ ሰዓት ሰዎች እየበሉ እኔ እጄን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ የተቀመጥሁበት ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ይህን እንዲያውቅ ሰው ሊጠይቀኝ ይገባል።

ለምዘና ቢሮዎች ለብቻ የምለው አለኝ። እናንተ ዘንድ ስንመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልን ለሁሉም በሽታ የተዘጋጀ ፎርም ነው። ከ1965 ጀምሮ የሚታወቀውን የባርቴል መመዘኛን ውሰዱ፤ 10 ጥያቄ፣ 100 ነጥብ። ራስህ ትበላለህ? እበላለሁ። ትለብሳለህ? እለብሳለሁ። ከአልጋ ወንበር ትሄዳለህ? ደረጃ ትወጣለህ? እወጣለሁ። በዚህ ሒሳብ እኔ ወደ 100 እጠጋለሁ፤ ጽሑፍ፣ ፊርማ፣ የበር ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሰው ፊት መናገር የሚባል ጥያቄ እዚያ የለም። መመዘኛው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰው የተሠራ ነው። የእኛን ጉዳት በእሱ መለካት "ጉዳት የለም" የሚል መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጣው የአካል ጉዳት አመዳደብ የሰውነት ተግባርን፣ የሰውን እንቅስቃሴና በማኅበራዊ ሕይወት መሳተፍን ለይቶ አስቀምጧል። ሦስቱንም ጠይቁን።

ለተመራማሪዎችም። በ2016 የታተመውን፣ በኤምአርአይ እየታየ ያተኮረ አልትራሳውንድ (አንድ ነጥብ ላይ የተሰበሰበ የድምፅ ሞገድ) ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል የላከውን ሙከራ አንብቤዋለሁ። 76 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ሕክምናውን ያገኙት ሰዎች የእጅ ነጥብ በ3 ወር ከ18.1 ወደ 9.6 ሲወርድ፣ የማስመሰያ ሕክምና ያገኙት ከ16.0 ወደ 15.8 ብቻ ነው የወረደው። ደስ ይላል። ይኸው ጥናት ከ12 ወር በኋላም 9 በመቶው ላይ የአረማመድ ችግር፣ 14 በመቶው ላይ የመደንዘዝ ስሜት እንደቀረ ይናገራል። እጁ ረግቶለት አረማመዱ የተዛባበት ሰው አተረፈ ወይስ ከሰረ? ይህን የእጅ ስፋት አይመልሰውም። ሊመልሰው የሚችለው መጻፍንም መራመድንም፣ መጠጣትንም ደረጃ መውጣትንም አብሮ የሚጠይቅ የውሎ ልኬት ነው። መድኃኒትም ላይ እንዲሁ። ፕሮፕራኖሎልና ፕሪሚዶን ለብዙዎች ይረዳሉ፣ ለሁሉም ግን አይደለም፤ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። እጄ ግማሽ ቢረጋ፣ እኔ ግን እስከ እኩለ ቀን ብተኛ፣ ካርዴ "መሻሻል አለ" ይላል። ቤቴ ያለው ሰው ግን ሌላ ይላል።

ታካሚ የሚናገረው ስሜት ነው፣ አይጨበጥም፣ የተስፋ ውጤትም ይበዛበታል ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ማስመሰያ ክኒን የዋጠ ሰውም "ተሽሎኛል" ሊል ይችላል። ለዚህ መፍትሔው የታካሚውን ቃል መጣል ሳይሆን ከጎኑ የሐኪሙን ዓይን ማስቀመጥ ነው፤ ቴትራስ ሁለት ክፍል የሆነው ለምን ሆነና? ሁለቱ ሲለያዩ ልዩነቱ ራሱ ወሬ አለው። እጁ የተሻለው፣ ኑሮው ያልተሻለው ሰው ምናልባት በድብርት ወይም በሰው ፍርሃት ተይዞ ይሆናል፤ ሁለቱም እኛ ዘንድ እንግዳ አይደሉም። ይህን ያላየ ሐኪም መጠኑን ብቻ ሲጨምር ይኖራል።

ጊዜ የለንም የሚለው ደግሞ እውነተኛው እንቅፋት ነው፤ ወረፋውን እናውቀዋለን። እኛ ግን ወረፋ ላይ ሆነን ምንም አንሠራም! ወረቀቱን እዚያ ስጡን። አሥራ ሁለት ጥያቄ ተቀምጦ ለመሙላት ብዙ አይፈጅም፤ መጻፍ ላቃተው ሰው እስክሪብቶ ይዞ የሚጠይቀው ይመደብለት፣ ወይም አብሮት የመጣው ይሙላለት። እንዲያውም አብሮ የመጣውን ሰው ለብቻው አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ "ድሮ እሱ ይሠራው የነበረ፣ አሁን አንተ የምትሠራለት ምንድን ነው?" ብላችሁ። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፈው ባለቤቴ ከእኔ በተሻለ ትመልሳለች። ከነጥቡ ጎን ሰዓቱንና መድኃኒቱ የተዋጠበትን ጊዜ ጻፉበት፤ ጠዋት የተለካ እጅ ከሰዓት በኋላ ከተለካው ጋር እንዳይነጻጸር። በታተመው ጥያቄ ሥር ባዶ መስመር ተዉልን፤ እያንዳንዳችን መልሰን ማግኘት የምንፈልገውን ሁለት ሦስት ተግባር እንጻፍበት። አንዱ ልጁን መላጨት ይሻል፣ አንዷ ዓይኗን መኳል፣ ሌላው በሕዝብ ፊት ወረቀት ይዞ ማንበብ። ሕክምናው ሠራ አልሠራ የሚባለው መጀመሪያ በእነዚህ ይታይ። ቅጂውን ደግሞ ለእኛም ስጡን፤ ሐኪም በቀየርን ቁጥር ከባዶ መጀመር ሰልችቶናል።

እንደ እኔ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላላችሁ ደግሞ ባጭሩ፦ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። እጃችሁን ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ሐኪም ዘንድ አትግቡ። ለዕለቱ ብላችሁ ካፌይን ትታችሁ፣ ወይም ለማረጋጋት አልኮል ቀምሳችሁ አትሂዱ፤ አልኮል ለብዙዎቻችን ለጥቂት ሰዓት እጅ እንደሚያረጋጋ ሐኪሙም ያውቃል፣ ያን ቀን የሚለካው ግን የእናንተ እጅ አይሆንም። ወረቀቱ ሲሰጣችሁ የተዋችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ያፈራችሁበትንም ጭምር።

ለሁላችሁም፣ ለመጀመር አዲስ በጀት ወይም አዲስ ማሽን አያስፈልግም። በቀጣዩ ቀጠሮዬ መጠይቁ ተባዝቶ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ካገኘሁት የመጀመሪያውን እኔ እሞላለሁ፤ ጽሑፌ ካልተነበበ ደግሞ ጮክ ብዬ አነብላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኢሴንሺያል ትሬመር ያለበት አንድ ታካሚ